ከፈተና በኋላ ስላለው የወላጆች ሥጋት

ልጅ ለፈተና በሚዘጋጅበት ጊዜ ወላጅ የሚሠራው አያጣም። መጽሐፍ ይገዛል፣ ቤቱን ጸጥ ያደርጋል፣ ቁርሱን በጊዜ ያቀርባል፣ በፈተናውም ቀን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ይሸኛል። ፈተናው ካለቀ በኋላ ግን እጁ ባዶ ይሆናል። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ስለ ሌለ፣ እስከዚያ ቀን በሥራ ተይዞ የነበረው ልቡ ወደ ሥጋት ይዞራል። በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ የምንሞክረው ይህንኑ ከፈተና በኋላ የሚመጣውን ሥጋት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው በእንግሊዝ አገር «ኢሌቭን ፕላስ» የተባለውን ፈተና ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ አገር ልጆች ገና በ10 እና በ11 ዓመታቸው ተፈትነው ወደ ተለያየ ትምህርት ቤት የሚላኩበት ሥርዓት ለብዙ ዘመን ስለ ቆየና በአንዳንድ አውራጃም እስከ ዛሬ ስላለ፤ ሁለተኛ፣ ሊቃውንት በብዙ መርምረውት የምርመራቸው ፍሬ በመጻሕፍት ታትሞ ስለሚገኝ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ልዩ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምናቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የወላጆች ሥጋት ብዙ ጊዜ «ከንቱ ጭንቀት ነው» እየተባለ ይነቀፋል። እኛ ግን የሥጋቱ ሥር በወላጆች ጠባይ ላይ ሳይሆን በፈተናው አሠራር ውስጥ እንደሚገኝ፣ አሠራሩ በሚገባ ሲታወቅም የሚገባው ሥጋት ከማይገባው ተለይቶ እንደሚታይ ለማስረዳት እንወዳለን።

የፈተናው አመጣጥ

በእንግሊዝና በዌልስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለልጆች ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ የተደነገገው በ1944 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ሕግ ነው። ሕጉን ለፓርላማ ያቀረቡት ሚስተር በትለር ስለ ነበሩ በተለምዶ «የበትለር ሕግ» ይባላል። ከዚያ በፊት በመልካሞቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጁን የሚያስገባ ወላጅ ከፍሎ ነበር፤ ለመክፈል የማይችለው ደግሞ ልጁ በውድድር ነጻ ቦታ ካላገኘ በቀር ዕድል አልነበረውም። ስለዚህ ሕጉ በወጣበት ጊዜ ትልቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር።

ሕጉ ራሱ ልጆች በምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሚከፈሉ አልወሰነም። ነገር ግን በ1943 ዓ.ም. የወጣው የኖርውድ ሪፖርት ልጆችን በሦስት ዓይነት መድቧቸው ነበር፤ ይኸውም ትምህርትን ስለ ትምህርትነቱ የሚወዱ፣ ለቴክኒክ ዝንባሌ ያላቸው፣ እንዲሁም ከሐሳብ ይልቅ በእጅ የሚጨበጠው ነገር የሚቀላቸው ናቸው። ለእነዚህ ሦስት ዓይነት ልጆች ሦስት ዓይነት ትምህርት ቤት ተወሰነላቸው፤ እነርሱም ግራመር፣ ቴክኒካልና ሞደርን የተባሉት ናቸው። ቴክኒካል ትምህርት ቤቶች በቁጥር እጅግ ጥቂት ሆነው ስለ ቀሩ፣ በተግባር የነበረው ክፍፍል በግራመርና በሞደርን መካከል ነበር። በመንግሥት ወረቀት ላይ ሁለቱ እኩል ክብር ያላቸው ናቸው ተብሎ ነበር። ወላጆች ግን እኩል አለመሆናቸውን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ የግራመር ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ቢሮ ሥራ ይሄዳል፣ የሞደርን ተማሪ ግን በአብዛኛው በ15 ዓመቱ ከትምህርት ወጥቶ ሥራ ይይዛል።

ፈተናው የሚሰጠው ልጁ 11 ዓመት በሚሆንበት ጊዜ ገደማ ስለ ነበረ ስሙ ከዚያው ተወሰደ፤ «ከ11 በላይ» እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋና በሒሳብ፣ ከዚህም ሌላ የማሰብ ችሎታ መለኪያ በተባለ ፈተና ልጆቹ ይመዘኑ ነበር። የማሰብ ችሎታ በአብዛኛው ከወላጅ የሚወረስ፣ በልጅነትም ሊለካ የሚችል ነው የሚለውን ሐሳብ ካስፋፉት መካከል የሥነ ልቡና ሊቁ ሲሪል በርት ዋነኛው ናቸው። እሳቸው በ1971 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ግን ማስረጃ አድርገው ያቀረቧቸው ቁጥሮች እምነት የማይጣልባቸው መሆናቸው ተገልጾ ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ከልጆች መካከል ስንቱ ለግራመር ትምህርት ይበቃል የሚለውን የወሰነው የልጆቹ ችሎታ ሳይሆን የወንበሩ ቁጥር ነበር። በጠቅላላው ከአምስት ልጆች አንዱ ያህል ግራመር ይገባ የነበረ ቢሆንም፣ በአንዳንድ አውራጃ ከ100 ልጆች 10 ያህሉ ብቻ፣ በዌልስ አንዳንድ ቦታዎች ደግሞ ከ40 በላይ የሚሆኑት ቦታ ያገኙ ነበር። ስለዚህ በአንዱ ከተማ «አልበቃም» የተባለው ልጅ በሌላው ቢወለድ ኖሮ «በቅቷል» ይባል ነበር ማለት ነው።

በሴቶች ልጆች ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። በ11 ዓመት ዕድሜ ሴቶች ልጆች በአማካይ ከወንዶቹ የተሻለ ውጤት ያገኛሉ። የወንዶችና የሴቶች ትምህርት ቤት የተለያየ በመሆኑ ግን ብዙ አውራጃዎች የሁለቱን ስም ዝርዝር ለይተው ይይዙ ስለ ነበረ፣ አንዲት ልጅ ከወንድሟ የበለጠ ነጥብ አግኝታ እሱ ሲገባ እሷ ልትቀር ትችል ነበር። በበርሚንግሃም ከተማ ለወንዶች 540፣ ለሴቶች ግን 360 የግራመር ቦታ ብቻ መኖሩ ክስ አስነሥቶ፣ በ1989 ዓ.ም. የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ሰጭ አካል የነበረው የጌቶች ምክር ቤት አሠራሩ ሕገ ወጥ አድልዎ መሆኑን ወስኗል።

ፈተናው ዛሬ ያለበት ሁኔታ

በ1965 ዓ.ም. በትምህርት ሚኒስትሩ በአንቶኒ ክሮስላንድ ጊዜ የወጣው ሰርኩላር ቁጥር 10/65 አውራጃዎች ልጆችን ሳይለዩ በአንድ ትምህርት ቤት እንዲያስተምሩ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አብዛኞቹ ግራመሮች ተለውጠዋል ወይም ተዘግተዋል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ አዲስ ግራመር እንዳይከፈት ከልክሎ፣ የነበሩት ይቀጥሉ እንደ ሆነ ወላጆች በድምፅ እንዲወስኑ ፈቀደ። በ2000 ዓ.ም. በሪፐን ከተማ የተሰበሰበው ድምፅ ትምህርት ቤቱ እንደ ነበረ ይቆይ የሚል ሆነ።

ዛሬ በእንግሊዝ 163 ግራመር ትምህርት ቤቶች አሉ። እንደ ኬንት፣ እንደ ባኪንግሃምሺርና እንደ ሊንከንሺር ባሉ አውራጃዎች የልጆች መለየት የተለመደ ሥርዓት ሆኖ ቀጥሏል፤ በሌሎች ቦታዎች ግን ግራመሮቹ አልፎ አልፎ የሚገኙ ናቸው። በስኮትላንድና በዌልስ የሉም። በሰሜን አየርላንድ መንግሥት ይሰጠው የነበረው ፈተና በ2008 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ሲሰጡ ቆይተው ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የጋራ ፈተና ሆኗል።

የጥበቃው ወራት

አሁን ወደ ወላጆቹ እንመለስ። በኬንት ልጆቹ የሚፈተኑት በመስከረም መጀመሪያ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የመጨረሻ ዓመት እንደ ጀመሩ ነው። ውጤቱ የሚታወቀው በጥቅምት አጋማሽ ነው። ወላጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያመለክቱበት የመጨረሻ ቀን በአገሩ ሁሉ ጥቅምት 31 ሲሆን፣ ልጁ የት እንደ ተመደበ የሚነገረው በሚቀጥለው መጋቢት 1 ቀን ነው። እንግዲህ ጥበቃው አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። መጀመሪያ ከፈተናው እስከ ውጤቱ፣ ቀጥሎ ከውጤቱ እስከ ምደባው። (የወራቱም ስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሰጠ ነው።)

በመጀመሪያው ጥበቃ ጊዜ ወላጅ የሚሠራው የታወቀ ነው፤ ልጁን ይጠይቃል። ስንት ጥያቄ ነበር? ስንቱን ሠራህ? ስንቱን ተውህ? ልጁም «የሒሳቡን መጨረሻ አልደረስሁበትም» ይላል። ወላጅ ከዚህ ተነሥቶ ስሌት ይጀምራል፣ ሌሊቱንም ይደምራል ይቀንሳል። ይህ ስሌት ግን ወዴትም አያደርስም፤ ምክንያቱን እናስረዳለን።

ልጁ በትክክል የመለሳቸው ጥያቄዎች ቁጥር በቀጥታ ውጤት አይሆንም። በመጀመሪያ የልጁ ነጥብ ከሌሎቹ ተፈታኞች ነጥብ ጋር ይመዛዘናል፤ ፈተናው ለሁሉም ከባድ ከነበረ፣ ብዙ ጥያቄ የተወ ልጅ መልካም ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ቀጥሎም ዕድሜው ይታሰባል። የእንግሊዝ የትምህርት ዘመን የልጆችን ዕድሜ የሚቆጥረው ከመስከረም 1 እስከ ነሐሴ 31 ስለ ሆነ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በመስከረም የተወለደ ልጅ በነሐሴ ከተወለደው በአንድ ዓመት ያህል ይበልጣል። በ10 ዓመት ዕድሜ የአንድ ዓመት ልዩነት ቀላል ስላልሆነ፣ የሁለቱ ነጥብ በዕድሜያቸው መጠን ይስተካከላል። ስለዚህ ሁለት ልጆች እኩል ጥያቄ መልሰው የተለያየ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። ወላጅ የሌሎቹን ልጆች ነጥብ ስለማያውቅ፣ የልጁን ውጤት ከመልሶቹ ቁጥር ማስላት አይቻለውም። ይህ እንግዲህ ከማይገባው ሥጋት የምንመድበው ነው፤ መልስ በሌለበት ቦታ መልስ የሚፈልግ ድካም ነውና።

መስመሩና የመለኪያው ስሕተት

የሚገባው ሥጋት ግን አለ። እሱም የሚመጣው ከማለፊያው መስመር ነው። በባኪንግሃምሺር ለማለፍ የሚያስፈልገው ነጥብ በራሱ መለኪያ 121 ነው። 121 ያገኘው ልጅ «ብቁ ነው»፣ 120 ያገኘው «ብቁ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። በእነዚህ በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?

አንድ ሸማ በክንድ ሁለት ጊዜ ቢለካ ሁለቱ ልክ በጥቂት ሊለያይ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ሸማው አላጠረም አልረዘመም፤ የተለያየው መለኪያው ነው። ፈተናም እንዲሁ ነው። ያው ልጅ ሰኞ ቢፈተንና ሐሙስ ቢፈተን በትክክል እኩል ነጥብ አያገኝም። አንድ ቀን ጉንፋን ይይዘዋል፣ አንድ ቀን የሚያውቀው ቃል ይመጣለታል።

የስሕተቱን መጠን ለማሳየት እኛው አንድ ስሌት ሠርተናል። ብዙ ጊዜ በሚሠራበት መለኪያ የልጆች ሁሉ አማካይ ነጥብ 100 ሲሆን፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በ85 እና በ115 መካከል ይገኛሉ። ፈተናው እጅግ የታመነ ቢሆን እንኳ፣ ይህም ማለት ሁለት ጊዜ ቢሰጥ የሁለቱ ውጤት ተዛምዶ 0.95 ቢሆን፣ በአንድ ልጅ ነጥብ ላይ ያለው የተለመደ ስሕተት ወደ ላይም ወደ ታችም ከ3 ነጥብ ጥቂት ያልፋል። አሁን ከአራት ልጆች አንዱ ያልፋል እንበል። መስመሩ 110 ገደማ ላይ ይወድቃል። እውነተኛ ችሎታው 113 የሆነ ልጅ በመለኪያው ስሕተት ብቻ ከአምስት ወይም ከስድስት ጊዜ አንድ ጊዜ ይወድቃል፤ እውነተኛ ችሎታው 107 የሆነውም በዚያው መጠን ያልፋል። ችሎታው ልክ 110 የሆነ ልጅ ዕድሉ ሳንቲም ወደ ላይ እንደ መወርወር ነው። ከ107 እስከ 113 ባለው ጠባብ ቦታ ውስጥ የሚገኙት ልጆች ደግሞ ከ100 ውስጥ 12 ወይም 13 ይሆናሉ። ጥቂት አይደሉም።

ይህ ስሌት ብቻውን የቆመ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ምርምር ብሔራዊ ድርጅት ያሳተመው የዬትስና የፒጅን ጥናት፣ የተሻለ የተባለው የአመራረጥ ዘዴ ሁሉ ቢሠራበት እንኳ ከ100 ልጆች 10 ያህሉ ወደማይገባቸው ትምህርት ቤት መላካቸው የማይቀር መሆኑን ገልጾ ነበር። በዚያው ዓመት በፕሮፌሰር ቨርነን አዘጋጅነት የወጣው የእንግሊዝ የሥነ ልቡና ማኅበር መግለጫም፣ የልጁ አስተዳደግና የሚሰጠው ልምምድ የፈተናውን ውጤት እንደሚለውጡ አምኗል። ከ1946 ዓ.ም. መጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ ከ5,000 በላይ ልጆችን የተከታተሉት ዶክተር ዳግላስ በ1964 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት ደግሞ፣ ተመሳሳይ የችሎታ ነጥብ ካላቸው ልጆች መካከል የተሻለ ኑሮ ካለው ቤት የመጡት ወደ ግራመር የመግባት ዕድላቸው የበለጠ ነበር። ዛሬም ቢሆን በግራመር ትምህርት ቤቶች የሚገኙ የድኻ ልጆች ቁጥር በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ካለው እጅግ ያነሰ ነው።

እንግዲህ «ልጄ በአንድ ነጥብ ቢወድቅስ?» የሚል ወላጅ ከንቱ ነገር አልፈራም። ሊሆን የሚችል ነገር ፈራ። አሠራሩን የሚመሩትም ይህን ስለሚያውቁ መጠገኛ አበጅተዋል። በኬንት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ፈተናው የልጁን ችሎታ አላሳየም ብሎ ካመነ፣ ውጤቱ ለወላጆች ከመላኩ በፊት የልጁን የክፍል ሥራ ለሚመረምር ጉባኤ ያቀርባል። ልጁ በፈተናው ቀን የጻፈው ድርሰትም በተለመደው ጊዜ ነጥብ የማይሰጠው ቢሆንም በዚህ ጉባኤ ፊት ሲታይ ቆይቷል። ይህን የመሰለ ጉባኤ መኖሩ ራሱ መስመሩ ከስሕተት የጸዳ አለመሆኑን የሚመሰክር ነው።

ማለፍና መግባት

ልጁ ያለፈለት ወላጅ ሥጋቱ የሚያበቃ ይመስለዋል። ሁለተኛው ጥበቃ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው። በኬንትና በመሳሰሉት አውራጃዎች ማለፍ ማለት ለግራመር ለማመልከት መብት ማግኘት እንጂ ወንበር ማግኘት አይደለም። ያለፉት ልጆች ከቦታው በበለጡ ጊዜ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ቤታቸው ቅርብ የሆኑትን፣ አንዳንዱ ደግሞ ነጥባቸው ከፍተኛ የሆኑትን ያስቀድማል። ስለዚህ ወላጅ አሁን ደግሞ የመንገዱን ርቀት ይለካል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ወላጆችን የሚያስጨንቅ፣ ነገር ግን መሠረት የሌለው አንድ ሥጋት አለ። ይኸውም «ግራመሩን አንደኛ ብዬ ብጽፍና ባይሆን፣ ሁለተኛ ያልሁት ትምህርት ቤት ተቀይሞ ልጄን አይቀበልም» የሚለው ነው። የእንግሊዝ የትምህርት ቤት አቀባበል ደንብ ይህን ይከለክላል። ወላጅ ቢያንስ ሦስት ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል እንዲጽፍ ይፈቀድለታል፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ግን ስንተኛ ተደርጎ እንደ ተጻፈ ሳያይ አመልካቾቹን በራሱ መመዘኛ ይደረድራል። ከአንድ የበለጡ ትምህርት ቤቶች ሊቀበሉት ከቻሉ ልጁ የሚሰጠው ወላጁ ያስቀደመው ነው። ስለዚህ እውነተኛ ምርጫን በቅደም ተከተሉ መጻፍ የሚያመጣው ጉዳት የለም።

መጋቢት 1 ቀን የተጠላው መልስ ቢመጣም ነገሩ በዚያው አይዘጋም። ወላጅ ለነጻ የይግባኝ ጉባኤ ለማመልከት ቢያንስ 20 የትምህርት ቀኖች አሉት። ጉባኤው ከሦስት የማያንሱ አባሎች ያሉት ሲሆን፣ ልጁ ማለፊያውን ሳያገኝ የቀረ እንደ ሆነ ለትምህርቱ የሚበቃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ማለትም የክፍል ውጤቱንና የመምህሩን ደብዳቤ ይመረምራል። የተጠባባቂዎች ስም ዝርዝርም ልጆቹ በሚገቡበት ዓመት ቢያንስ እስከ ታኅሣሥ 31 ድረስ መጠበቅ አለበት። ከዚህም ሌላ ብዙ ግራመሮች በ16 ዓመት ዕድሜ አዲስ ተማሪዎችን ይቀበላሉ። በሩ ጠቦ ይሆናል እንጂ ለዘለዓለም አይቆለፍም።

ያለፉትም ይሠጋሉ

ሥጋት የወደቁት ልጆች ወላጆች ብቻ ዕጣ አይደለም። ጃክሰንና ማርስደን የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች በ1962 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ በሀደርስፊልድ ከተማ ግራመር ገብተው ትምህርታቸውን የፈጸሙ 88 የሠራተኛ ቤተ ሰብ ልጆችን ታሪክ አጥንተዋል። ብዙዎቹ ወላጆች ልጃቸው ባለፈ ጊዜ ደስ ብሏቸው ነበር። ጥቂት ቆይተው ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣው ሥራ የማይገባቸው፣ መምህራኑን ለማነጋገር የሚያፍሩ፣ ለልጁም ከቀድሞ የሰፈር ጓደኞቹ መራቅ የሚጨነቁ ሆኑ። የራሳቸው ልጅ በራሳቸው ቤት እንግዳ እየሆነ መሄዱን አዩ። ያለፈው ልጅም የሚከፍለው ዋጋ አለው ማለት ነው።

ያላለፈው ልጅ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ዘመን ወላጆች «ካለፍህ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ማለት ልማዳቸው ነበር። ይህ ተስፋ በበጎ ሐሳብ የተሰጠ ቢሆንም፣ ደብዳቤው በመጣ ማግስት በየሰፈሩ ብስክሌት ያለውና የሌለው ልጅ ተለይቶ ይታይ ነበር። ሚስተር ጆን ፕሬስኮት በልጅነታቸው ይህን ፈተና ሳያልፉ ቀርተው በመርከብ አስተናጋጅነት ሠርተዋል፤ በኋላም ተምረው ከ1997 እስከ 2007 ዓ.ም. የእንግሊዝ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። እንዲህ ያለ ማዕርግ ላይ ከደረሱም በኋላ ስለዚያ ውድቀት መናገራቸውን አልተዉም ነበር። አንድ ሰው ከአገሩ መሪዎች አንዱ ሆኖ ሳለ የ11 ዓመት ቁስል ካልሻረለት፣ ያን ማዕርግ ያላገኙት እንዴት ሊሆኑ እንደሚችሉ መገመት አያስቸግርም።

በእኛ አገር

አንባቢዎቻችን ይህን ሲያነቡ የራሳቸውን የ8ኛ ክፍል ፈተና ማስታወሳቸው አይቀርም። «ሚኒስትሪ» የሚለው ቃል በብዙ ቤት ውስጥ የመሥሪያ ቤት ስም ሳይሆን የፈተና ስም ነው፤ «ሚኒስትሪ አለፈ» ሲባል የማይገባው የለም። በእኛ መካከልም እናቱ ውጤት እስኪነገር ድረስ ስለት የገባችለት ተማሪ አይጠፋም።

ነገር ግን በሁለቱ አገሮች አሠራር መካከል አንድ ልዩነት አለ። የእንግሊዙ መስመር የሚሰመረው በወንበር ቁጥር ስለ ሆነ ተፈታኞቹ ሁሉ ቢጎብዙም የሚያልፉት ቁጥር አይጨምርም። በእኛ አገር የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን መስመሩ አስቀድሞ በነጥብ ተወስኖ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተገለጸው ውጤት ከ100 ተፈታኞች 50 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያው አሠራር ልጅ የሚወዳደረው ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ነው፤ በሁለተኛው ከነጥቡ ጋር ነው። በመጀመሪያው ወላጅ የጎረቤቱን ልጅ በዓይኑ መጥፎ እንዲያይ ይፈተናል፤ በሁለተኛው የአንድ አገር ወላጅ ሁሉ በአንድ ቀን አብሮ ያዝናል። የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን ይህ ጽሑፍ አይበቃም፤ ነገር ግን የሥጋቱ መልክ ከአሠራሩ የሚወለድ መሆኑን ይህ ንጽጽር በግልጽ ያሳያል።

መደምደሚያ

ከላይ የተገለጸውን ስናጠቃልለው፣ የወላጆችን ሥጋት በሦስት ከፍለን ልናየው እንችላለን። የመጀመሪያው የልጁን መልሶች ቆጥሮ ውጤቱን ለማወቅ መድከም ነው፤ ይህ ከአሠራሩ የተነሣ የማይቻል ስለ ሆነ ሊተው ይገባል። ሁለተኛው የአቀባበሉን ደንብ ካለማወቅ የሚመጣው ነው፤ ይህ ደንቡን በማንበብ ይወገዳል። ሦስተኛው «ልጄ ያለ ጥፋቱ በመለኪያው ስሕተት ቢወድቅስ?» የሚለው ነው፤ ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ሊወገድም የሚችለው ልጆችን በ11 ዓመታቸው በአንድ መስመር መለየት ሲቀር ብቻ ነው።

ታዲያ መስመሩ እስካለ ድረስ ወላጅ ምን ያድርግ? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ የተሰጠው ፈተና ተሰጥቷል። አንድ ነገር ግን አሁንም በወላጅ እጅ ይገኛል፤ እሱም ለልጁ የሚናገረው ቃል ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ልጁ ከወረቀቱ አስቀድሞ የሚያነበው የእናቱንና የአባቱን ፊት ነው። የደብዳቤው ትርጉም «በአንድ ቀን፣ በአንድ ፈተና፣ በተወሰነ ወንበር ይህን ያህል ነጥብ አገኘህ» ማለት ብቻ ሲሆን፣ የወላጁ ፊት «አንተ ይህን ያህል ነህ» ካለው ልጁ የሚያምነው ፊቱን ነው። ስለዚህ ወላጆች ስለ ውጤቱ ከመጨነቅ የሚተርፋቸውን ጊዜ፣ በሁለቱም መልስ ጊዜ ለልጃቸው ምን እንደሚሉት ሁለቱ ተመካክረው ቢወስኑበት ይበጃል እንላለን።

እኛም ነገ መምህራን፣ ፈታኞችና ወላጆች የምንሆን ነን። መስመር የማስመር ሥራ በእጃችን የገባ እንደ ሆነ፣ ከመስመሩ በታች በአንድ ነጥብ የቀረውን ልጅና በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ያጡትን ወላጆቹን ብናስታውስ ይህ ጽሑፍ በከንቱ አልተጻፈም።